የይርዳው ጠረጴዛ

አክስቴ ማናልሞሽ ስትቀመጥ ጀርባዋ የወንበሩን መደገፊያ አይነካም። ስልሳውን ካለፈች ቆይታለች፣ ጉልበቷም ያማታል፤ ግን ሶፋ ላይ እንኳ አለቃዋ ሊጠራት እንደሆነ ጸሐፊ ቀጥ ብላ ነው የምትቀመጠው። ጸሐፊም ነበረች። በሰባዎቹ አጋማሽ ቴፒ አጠገብ በነበረ አንድ የቡና እርሻ የሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ በታይፕ የምትመታው እሷ ነበረች። ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ከኔ ጋር ትኖራለች። ወይም እሷ እንደምታርመኝ፣ ቤቱ የሷ ስለሆነ እኔ ነኝ ከሷ ጋር የምኖረው።

እኔ የወንድሟ የይርዳው ልጅ ነኝ፤ ረድኤት እባላለሁ። ገበያው አጠገብ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን ማንም ደንበኛዬ ይመሰክራል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናትም አባትም የሆነችኝ ይቺው አክስቴ ናት፤ እሷም ብትሆን ልትሄድብኝ ነው። ጅማ ያለው ልጇ አማኑኤል «እኔ ጋ ካልመጣሽ» ብሎ ሲጨቀጭቃት ከርሞ ዘንድሮ እሺ አስባላት። መስቀልን እዚህ አሳልፋ እንድትሄድ ቀን ተቆረጠ። ያን ክረምት ሁሉ ልቤ ቅር እንዳለው ነበር።

ነገሩን የጀመረው ቴዲ ነው። ቴዲ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ አዲስ አበባ ሳለ ታንጎ ተምሮ ነበርና እዚህ ሲመደብ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለምኖ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ታንጎ ያስደንሳል። እኔንም ጎትቶ ወሰደኝ። ሚዛን ላይ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ታንጎ።

ከእርምጃው ይልቅ ያስቸገረን የግብዣው ደንብ ነው። ቴዲ እንዳስረዳን፣ በታንጎ ወንዱ ሴቷ ፊት ሄዶ አይገተርም። ካለበት ሆኖ ያያታል። ከፈለገች እሷም ታየዋለች። በአንገቱ ምልክት ይሰጣታል፣ በአንገቷ ትመልስለታለች፤ ከወንበሩ የሚነሳው ያኔ ነው። ካልፈለገች ዓይኗን ሌላ ቦታ ታሳርፋለች፤ ማንም አላፈረም፣ ማንም አልተዋረደም። አንዴ ከተነሱ ሦስት አራት ዘፈን አብረው ይደንሳሉ፣ ከዚያ ወንበሯ ድረስ ይሸኛታል። ሲነገር ያምራል። እኛ ግን የሰው ዓይን ዓይን አትዩ እየተባልን ያደግን ነን። የመጀመሪያውን እሁድ ግማሾቻችን ጣሪያውን፣ ግማሾቻችን ጫማችንን ስናይ ዋልን።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት፤ ሳቅ እንድትልልኝ ብዬ ነበር። እሷ ግን ጉዳዩን ከምር ያዘችው። ሰውየው ማንን ነው የሚያስፈቅደው ብላ ጠየቀችኝ። ማንንም አልኳት። ሴቲቱን ያመጣት ሰው አይጠየቅም ወይ አለች። ሴቲቱን የሚያመጣት ባጃጅ ነው አልኳት። አልሳቀችም። ለካ አክስቴ ታንጎ ታውቃለች፤ ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

እርሻው የሠራተኞች ክበብ ነበረው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ አዲሱ የሚባሉ፣ ቀድሞ አዲስ አበባ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን የተጫወቱ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ሥራው በግማሽ ቀን ሲያልቅ የክበቡ ሲሚንቶ ሰም ተቀብቶ ይወለወላል፣ አቶ አዲሱ አኮርዲዮናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ታንጎና ዋልስ የማይችለው ከሚችለው ይማራል። ውጭ የተሰጣው ቡና ሽታ በመስኮት ይገባል። ቴፒ ሞቃት ነው፤ ቢሆንም ኮት ያልለበሰ ወንድ አይደንስም።

ደንቡን ያወጡት አቶ አዲሱ ናቸው፣ ጥብቅም ነበሩ። ሴት ብቻዋን ወደ ክበብ አትመጣም። ከአባቷ፣ ከወንድሟ፣ ከባሏ ወይም ከመሥሪያ ቤት አለቃዋ ጋር ትመጣለች፤ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ በዚያ ሰው ስም ይጠራል። ሊያስነሳት የፈለገ ወንድ ኮቱን ቆልፎ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል፣ ለባለጠረጴዛው ጎንበስ ይልና «ይፈቀድልኛል?» ይላል። ሴቲቱን አያናግራትም። ሲፈቀድለት እጁን ይዘረጋል። «አይሆንም» ከተባለ ደግሞ አመስግኖ ይመለሳል፤ ባለጠረጴዛው ራሱ ካልጠራው በቀር ወደዚያ ጠረጴዛ ዳግመኛ አይሄድም። ወንድ ተለማማጭ እንዳይሆን፣ ሴትም እንዳትጨናነቅ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። አክስቴ ስታስረዳኝ ፊቷ በርቶ ነበር፤ እኔ በሆዴ እየተቆጣሁ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ግራጫ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ተከተለችኝ። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች፣ እንደ ልማዷም ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ቴዲ ከሩቅ አይቷት አንገቱን ሰበር ሲያደርግላት ያለ ምንም ችግር ተነሳች፤ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ነውና ዓይኑን ለማየት አላፈረችም። የሷ ታንጎ ከኛ ይለያል፤ ሰልፍ ሰልፍ የሚሸት፣ ጀርባው የማይታጠፍ፣ ግን ደስ የሚል ነገር አለው።

እየደነሱ ሳለ መብራት ጠፋ። ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው፣ አልነሳም አለ። ባለቤቱ ደውሎ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አስመጣ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ መጣ፣ ሙዚቃው ቀጠለ፤ ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቴዲ ወንበር ሰጠው። ከኛ ትይዩ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀመጠ። አክስቴ እጄን ጭብጥ አደረገችኝ።

«እንድርያስ ነው» አለችኝ።

እንድርያስ የትኛው ነው ስላት ቤት እነግርሻለሁ ብላ ዘጋችኝ። ቤት ገብተን፣ ጅማ ይዛ የምትሄደውን ኮረሪማ ስንፈለፍል፣ ሳታየኝ ነገረችኝ።

እንድርያስ ከቦንጋ አካባቢ የመጣ የካቶሊክ ልጅ ነው፤ የእርሻው ጄኔሬተር ቤት ሠራተኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን ለጓደኛው አደራ ይልና ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ ይመጣል። የቱንም ያህል ቢታጠብ እጁ ላይ የናፍጣና የሳሙና ሽታ አይጠፋም ነበር፤ አክስቴ እስከ ዛሬ ናፍጣ ሲሸታት ደስ ይላታል። አክስቴን ክበብ የሚያመጣት አባቴ ስለነበር፣ በየሳምንቱ ወደ ይርዳው ጠረጴዛ ይመጣል፣ ያስፈቅዳል፣ ይፈቀድለታል። ሲደንሱ አይነጋገሩም። ያ የአቶ አዲሱ ደንብ አልነበረም፤ ምን እንደሚባል ሁለቱም ስለማያውቁ ነው። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ሆነ። ቀሪው ሳምንት ታይፕ ስትመታ የሚያልፍላት ቅዳሜን እያሰበች ነበር።

አንድ ቅዳሜ እንድርያስ እንደ ወትሮው ኮቱን ቆልፎ መጣ። አባቴ ከጎኑ ከተቀመጠ ሰው ጋር ወሬ ይዟል። ጎንበስ ብሎ «ይፈቀድልኛል?» አለ። አባቴ ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ዛሬ አትደንስም» አለው። እንድርያስ አመሰገነና ተመለሰ። አክስቴ ለመነሳት ተዘጋጅታ ነበር፤ የነበረችበት ተቀመጠች። ወንድሟን ለምን አላለችውም፤ ሰው መሀል ነው፣ ታላቅ ወንድሟም ነው። ከዚያ በኋላ እንድርያስ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ከሌላ ጠረጴዛ ሴት እያስነሳ ይደንሳል፣ ወደ ይርዳው ጠረጴዛ ግን አይቀርብም። ደንቡን ያከብራላ። አባቴም አልጠራውም።

«እሱ ያን ቃል ያንቺ ነው ብሎ ይሆናል እኮ» አልኳት።

«ይሆናል» አለች። «እኔም ትቶኝ ይሆናል ብያለሁ። የምናገርበት መንገድ አልነበረኝም።»

አባቴን አውቀዋለሁ። ለእህቱ ነፍሱን ይሰጣል፤ ታይፕ እንድትማር አዲስ አበባ የላካት እሱ ነው። ግን «ሰው ምን ይላል» የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳው ነበር። የጄኔሬተር ቤት ሠራተኛ፣ የሌላ አገር ልጅ፣ የሌላ እምነት ሰው በየሳምንቱ እህቱን ሲያስነሳ አንድ ሰው አንድ ነገር ሹክ ሳይለው አይቀርም። ያን ማታ በሞተ አባቴ ላይ በጣም ተናደድሁ፤ እየተናደድሁም ናፈቀኝ።

አክስቴ ግን የተጎዳ ኑሮ አልኖረችም፤ እንዲያ ተብሎ እንዲወራላትም አትፈልግም። ሚዛን ያስተምር የነበረውን ባስልኤልን አግብታ ልጆች አሳድጋለች። ነፍሱን ይማረውና ባስልኤል ጥሩ ሰው ነበር። ሚስቱ ስትታመም ምግብ ያበስላል፣ ለጎረቤት ልጆች በነጻ ሒሳብ ያስጠናል። ዳንስ ሲያይ ግን ያዛጋል። እሷም በትዳሯ ዘመን አልደነሰችም፤ አላማረረችም። ብቻ አንዳንድ ጊዜ ልብስ ስታሰጣ በእግሯ አንድ ነገር ታደርግ ነበር፤ አሁን ሲገባኝ ታንጎ ነው።

ከዚያ እሁድ በኋላ እንድርያስ በየሳምንቱ ኮት ለብሶ መምጣት ጀመረ። ሚስቱ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፣ ሚዛን የመጣው በቅርቡ ነው፣ ገበያው አጠገብ ጋራዥ ቢጤ አለው። ትይዩ ይቀመጣል። አክስቴ እጆቿን ታያለች፣ እሱ ወለሉን ያያል። ቴዲ ደንቡን ደጋግሞ ነገራቸው፤ እዩና ተያዩ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም አላቸው። እሷን ለብቻዋ ብጎተጉታት በዚህ ዕድሜዬ ዓይን አውጣ ልሁንልሽ ብላ ተቆጣችኝ። አንድ እሁድ፣ ሁለት እሁድ፣ እንዲህ ሲባል ነሐሴ አለቀ። መስቀል ደረሰ። ሁለት አዛውንት ትይዩ ተቀምጠው ወለል ሲያዩ ክረምት ሲወጣ ከማየት የሚያናድድ ነገር የለም።

የመድኃኒት ቤቴን ጄኔሬተር ሰበብ አድርጌ ጋራዡ ሄድሁ። ሞተሩን ፈታቶ ሲያይ እኔ ወሬዬን ጀመርሁ፤ አክስቴ ከመስቀል በኋላ ጅማ ልትሄድ መሆኑን፣ የቀረን አንድ እሁድ ብቻ መሆኑን ነገርሁት። ታዲያ ለምን አያስነሷትም ብዬ በግልጽ ጠየቅሁት።

«የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ» አለኝ። «ያ ጠረጴዛ እኮ እምቢ የተባልኩበት ጠረጴዛ ነው፣ ልጄ።»

ጠረጴዛውም ክበቡም ከጠፋ፣ አባቴም ካረፈ ስንት ዘመኑ ነው አልኩት። ፈገግ አለ። አቶ አዲሱ ሲያስተምሩት ጠረጴዛ የሚባለው እንጨቱ እንዳልሆነ ነግረውታል፤ እሷን ያመጣት ሰው ነው ጠረጴዛው። አሁን የሚያመጣት እኔ ነኝ፣ የይርዳው ልጅ። ካልተጠራ አይሄድም። ልጮህበት ቃጣኝ። ግን የጸዳውን እጁን በጨርቁ ደጋግሞ ይጠርግ ነበር፤ ይህ ሰው ደንቡን የያዘው ወግ ለማክበር ብቻ ሳይሆን፣ እንደገና እምቢ እንዳይባል ፈርቶ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አሳዘነኝ። ከዚያም አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

የመጨረሻው እሁድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ለአክስቴ ምንም አልነገርኳት። የአዳራሹን አንድ ጠረጴዛ በቴዲ እርዳታ ወደ መሀል አስጠጋሁ፣ አክስቴን አስቀመጥሁ፣ ከጎኗ ተቀመጥሁ። እንድርያስ ግድግዳው ሥር ነው። ዘፈኑ አልቆ ሰው ወደየወንበሩ ሲመለስ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት።

«ጋሽ እንድርያስ፣ ወዲህ ይምጡ።»

ቀና አለ። አክስቴ ክርኔን ያዘችኝ፤ አላየኋትም። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ያን ሁሉ ወለል ብቻውን አቋርጦ መጣ። ጠረጴዛችን ዘንድ ሲደርስ ለኔ፣ በዕድሜ ልጁ ለምሆነው፣ ጎንበስ አለልኝ።

«ይፈቀድልኛል?» አለ።

በሕይወቴ እንደዚያ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። አባቴ ያበላሸውን የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ይህን ያህል ዘመን የተዘጋውን በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁና «በደስታ፣ ትደንሳለች» ልል አፌን ከፈትሁ። «በደስታ» የሚለው ብቻ ወጣ።

«ቆይ፣ ረድኤት» አለች አክስቴ።

ድምፁ የጸሐፊ ድምፅ ነው፤ ቀጠሮ የሌለውን ሰው ሁሉ ከሥራ አስኪያጁ በር የሚመልስ።

«ያኔ ይርዳው መለሰልኝ። አሁን ደግሞ አንቺ ልትመልሺልኝ ነው?»

ፊቴ ነደደ። የምገባበት ጠፋኝ። እውነቷን ነው፤ አባቴን ስረግም የከረምሁት ሰው የሱኑ ወንበር ይዤ፣ እሷን ሳልጠይቅ ስለሷ ልፈቅድ ነበር። መልሴ ከአባቴ መልስ ቢሻልም የምትጠየቀው እኔ አይደለሁም። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ከመሀላቸው ወጣሁ።

አክስቴ ወደሱ ዞረች። ቀና ብላ ዓይኑን አየችው፤ ያን ክረምት ሁሉ ያልሆነው ያኔ ሆነ።

«እንድርያስ፣ እኔን ጠይቀኝ» አለችው።

ሰውየው የኮቱን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ዕድሜ ልኩን የደነሰውን ዳንስ ሁሉ ያስፈቀደው ከወንድም፣ ከአባት፣ ከአለቃ ነው። ሴትን ራሷን ጠይቆ አያውቅም፤ እሷንም «የይርዳው እህት» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ቴዲ የሚቀጥለውን ሙዚቃ ሊከፍት እጁን ሰዶ እንደነበር እዚያው ተወው። እንድርያስ ጉሮሮውን ጠረገ። የሚመልስለት ባለጠረጴዛ የፈለገ ይመስል አንዴ ወደኔ አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ማናልሞሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ከኔ ጋር ትደንሻለሽ?»

ወዲያው አልመለሰችለትም። ጉልበቷ አይመስለኝም፣ መጠየቁን ትንሽ ልታቆየው የፈለገች መሰለኝ። ከዚያ «እሺ» አለች፤ እጇን ሰጠችው፤ ቴዲም ሙዚቃውን ከፈተ።

ዳንሳቸው እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። ብዙም ጥሩ አልነበረም። የሱ እርምጃ አጥሯል፣ የሷ ጉልበት አልታዘዝ ብሏል፣ አንዴ እግሯን ረግጧታል። እንደ ድሮው ዝም ብለው አልደነሱም፤ ያወራሉ፣ አንድ ጊዜ ሳቅ ሲሉ እርምጃው ጠፋባቸው። ተማሪዎቹ ቦታ ለቀቁላቸው። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። አባቴ እዚያ ቢኖር ምን ይል ነበር ብዬ አሰብሁ፤ መቼም መጀመሪያ፣ የሚያየን ሰው አለ ወይ ብሎ በሩን የሚመለከት ይመስለኛል፤ ከዚያ ግን የእህቱን ፊት ካየ ዝም ይል ነበር። ሦስት ዘፈን ደነሱ። እንድርያስ ወንበሯ ድረስ ሸኛት፣ አመሰገናት፣ እኔን ግን ረሳኝ።

ወደ ቤት በባጃጅ ተመለስን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ባለባጃጁ ልጅ ቀስ እያለ ይነዳል። ለጉዞዋ የቀሩትን ነገሮች፣ ማሩን፣ ኮረሪማውን፣ ለአማኑኤል ልጆች የገዛችውን ጫማ አነሳችብኝ። ገበያውን አልፈን ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ጀርባዋ ወንበሩን ሳይነካ በባጃጁ ጎን ወደ ውጭ ታይ ነበር።

«ያን ቅዳሜም እኮ» አለችኝ ሳትዞር፣ «እኔን የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ፣ እሺ ነበር የምለው።»